ከቆረቆንዳ ወይስ ከቡና ገለፈት? ጅማ ላይ ስኳር ለማውጣት አሲድ ስትመርጡ

መልሱን ከፊት ላስቀድምና ምክንያቱን ከታች ላብራራ። ጅማ ላይ ሆናችሁ ከሰብል ተረፈ ምርት የሚብላላ ስኳር ማውጣት ካሰባችሁ በበቆሎ ቆረቆንዳ ጀምሩ። አሲዱ 1 በመቶ አካባቢ የሆነ የቀጠነ ሰልፈሪክ ይሁን። ሙቀቱ 121 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጊዜው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ። የቡና ገለፈት ሁለተኛ ይምጣ። ያልቀጠነውን፣ ኮንሰንትሬትድ የሚባለውን አሲድ ግን ለትንተና ካልሆነ በቀር ባታስቡት ይሻላል።

ይህን የምጽፈው የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ለሚያፈላልጉ የኪቶ ፉርዲሳ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ካምፓስ) ልጆች ነው፤ ደግሞም «ይሄ ሁሉ የቡና ገለፈት ተከምሮ ከሚቀር አንድ ነገር ብንሠራበትስ?» ለሚሉ ሰዎች። ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ የትኛው አሲድ ብዙ ስኳር ያወጣል? ጥያቄው ግን ጎደሎ ነው። ስኳሩን ማን ይበላዋል? አሲዱንስ መጨረሻ ላይ ምን ታደርጉታላችሁ? እነዚህ ሁለቱ ካልተመለሱ የስኳሩ ብዛት ብቻውን የትም አያደርስም።

ልጡ፣ ማገሩና ጭቃው

አገዳም በሉት ቆረቆንዳ፣ አሠራሩ እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ ነው። ሴሉሎሱ ማገሩ ነው፣ ሄሚሴሉሎሱ ማገሩን ያሰረው ልጥ፣ ሊግኒኑ ደግሞ ላዩ ላይ የተመረገው ጭቃ። የቀጠነ አሲድ በሙቀት ሲገባ ቶሎ የሚበጥሰው ልጡን ነው። ከዚያ የሚወጣው በአብዛኛው ዛይሎስ የተባለ ባለ አምስት ካርቦን ስኳር ነው። ማገሩ፣ ማለትም ግሉኮሱ ያለበት ሴሉሎስ፣ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። እሱን ለመፍታት ወይ ኢንዛይም፣ ወይ በጣም ከፍ ያለ ሙቀት፣ ወይ ያልቀጠነ አሲድ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ከአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት የሚያሞቅ ዕቃ) የወጣውን ፈሳሽ በዲኤንኤስ፣ ስኳር ሲያገኝ ቀለሙን በሚቀይር መመርመሪያ፣ ይለካዋል፣ ቢጫው ወደ ቀይ ቡኒ ይቀየራል፣ ስኳሩ ሞልቷል ብሎ ይደሰታል፣ ከዚያ የዳቦ እርሾ ይጨምርበትና ቁጭ ብሎ አረፋ ይጠብቃል። አረፋው ግን የለም። የዳቦ እርሾ ዛይሎስ አይበላም። ዲኤንኤስ ደግሞ ግሉኮስና ዛይሎስን አይለይም፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ደምሮ ነው የሚያሳየው። ናሙናው ከቡና ከሆነ ደግሞ ፖሊፌኖሎቹም (እንደ ታኒን ያሉት) ቀለሙን ስለሚያጠቁሩት ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ ይሄዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረጠው እርሾው ነው። የዳቦ እርሾ ብቻ ካላችሁ የምትፈልጉት ግሉኮስ ነው፤ አሲዱ መንገድ ጠራጊ ብቻ ሆኖ ዋናውን ሥራ ሴሉሎስን የሚፈታው ሴሉሌዝ ኢንዛይም ይሠራል ማለት ነው። ፒኪያ ስቲፒቲስ በሚለው የድሮ ስሙ የሚታወቀውን እርሾ ካገኛችሁ ግን ዛይሎሱንም ወደ ኢታኖል ይቀይረዋል። ቀርፋፋ ነው፣ ትንሽ አየር ይፈልጋል፣ አልኮሉ ሲበዛበትም ቶሎ ይደክማል። ቢሆንም ይሠራል። ዛይሎሱን ዛይሊቶል ወደተባለው ማጣፈጫ የሚቀይሩ ካንዲዳ የተባለ እርሾ ዝርያዎችም አሉ።

የትኛው ተረፈ ምርት?

ቆረቆንዳን ያስቀደምኩት ንጹህ ስለሆነ ነው። አፈር የለበትም፣ አመዱ ትንሽ ነው፣ ከፈለፈላችሁት በኋላ በሰፊው የሚፈልገው ማገዶ ፈላጊ ብቻ ነው። ከደረቅ ክብደቱ ሲሶ አካባቢው ሄሚሴሉሎስ ነው፣ ከሲሶ ትንሽ የሚበልጠው ሴሉሎስ። በቁጥር እንየው። 100 ግራም ቆረቆንዳ ውስጥ 30 ግራም ዛይላን (የሄሚሴሉሎሱ ዋና ክፍል) አለ እንበል። ሲፈታ ውኃ ስለሚገባበት ክብደቱ በ1.136 ይባዛል፣ 34 ግራም ዛይሎስ ይሆናል። 80 በመቶውን ካወጣችሁ 27 ግራም ነው። 100 ግራሙን በ1 ሊትር የአሲድ ውኃ ከዘፈዘፋችሁት 2.7 በመቶ የስኳር ውኃ አገኛችሁ ማለት ነው። ይህ ከቀጠነ አሲድ የሚጠበቅ ጨዋ ውጤት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ፈርፈራል የተባለው ኬሚካል በፋብሪካ ከሚመረትባቸው ጥሬ ዕቃዎች ዋናው ይኸው ቆረቆንዳ ነው። ዛይሎስ በአሲድ ውስጥ ሙቀት ሲበዛበት ፈርፈራል ይሆናል፣ ፈርፈራል ደግሞ እርሾን ያሽመደምዳል። «ትንሽ ይጨመርበት» ብላችሁ ሙቀቱንም ጊዜውንም አሲዱንም ባንዴ ካበዛችሁ ስኳር የማውጣት ሥራው ሳታውቁት ፈርፈራል የማምረት ሥራ ይሆናል።

የበቆሎ አገዳ ከቆረቆንዳ ብዙም አይርቅም። ችግሩ ባለቤት አለው። ቀርሳና ኦሞ ናዳ ገብታችሁ አገዳ ልግዛ ብትሉ ከብት ያለው ገበሬ በዋዛ አይለቅላችሁም። ከማሳ ሲመጣም አፈር ይዞ ይመጣል። አፈርና አመድ አሲዱን ይበላሉ፤ 1 በመቶ ብላችሁ የጨመራችሁት ከ1 በመቶ በታች ሆኖ ይሠራል። ማጠብና ማድረቅ ግዴታ ነው። የጤፍ ጭድን ደግሞ ተዉት። ለከብቱም ለምርጊቱም የሚፈለግ ነገር ነው፣ በዋጋ አትችሉትም።

አሁን ወደ ቡናው። እዚህ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጅማ ላይ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ አታደባልቋቸው። አንደኛው ከእሸት ቡና መፈልፈያ የሚወጣው እርጥብ ልጣጭ ነው። ሌላው ጀንፈል ሲቀሸር የሚወጣው ደረቅ ገለፈት።

እርጥቡ ልጣጭ አብዛኛው ውኃ ነው፣ ውስጡም ያለ ምንም አሲድ የሚገኝ ነጻ ስኳር አለ። ክምሩ አጠገብ ስታልፉ የሚሸታችሁ የተብላላ ሽታ ማስረጃው ነው፤ ስኳሩን ሜዳ ላይ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት እየበሉት ነው። ስለዚህ አሲድ ከማሰባችሁ በፊት በወጣበት ቀን ጨምቁትና ጭማቂውን አብላሉት። አሲዱ ለቀረው ጭማቂ አልባ ጠጣር ይሁን። ይህን የማያደርግ ሰው ያለውን ስኳር አበላሽቶ ያልተፈታውን ሊፈታ ነው የሚለፋው።

ደረቁ ገለፈት ይቀመጣል፣ ይጓጓዛል፣ ከመቀሸሪያው በርካሽ ይገኛል። ሦስት ችግር ግን አለው። ካፌይንና ታኒን አለበት፣ እነሱ ረቂቅ ሕዋሳትን ያስቸግራሉ። አመዱ በፖታሲየም የበለጸገ ነው፣ አሲዱን ይቀንስባችኋል። ሦስተኛው፣ ፈሳሹ በጣም ጥቁር ስለሚሆን በቀለም የሚለካ ማንኛውም ምርመራ ይዛባል። መፍትሔው በሙቅ ውኃ ቀድሞ መዘፍዘፍ ነው። ካፌይኑም የሚሟሟው ታኒንም በርከት ብሎ ይወጣል፣ ፖታሲየሙም እንዲሁ። ግን ያንን የመጀመሪያ ውኃ ከመድፋታችሁ በፊት ስኳሩን ለኩት፣ ነጻው ስኳርም አብሮ ወጥቷልና። ከዘፈዘፋችሁ በኋላ አሲዱን ስትጨምሩ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን፤ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) እዩ። ባዶው የአሲድ ውኃ ከሚያሳየው ጎልቶ ከፍ ካለ ገለፈቱ አሲዳችሁን እየጠጣው ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ዓላማችሁ «ይህን የገለፈት ክምር ማስወገድ» ብቻ ከሆነ አሲድ አያስፈልጋችሁም። ኮምፖስት፣ ከሰል ጡብ ወይም የእንጉዳይ ማብቀያ ማድረግ ይቀላል። የአሲዱ መንገድ ስኳሩን ራሱን ለሚፈልግ ሰው ነው።

አሲዶቹን እናወዳድር

የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ አሸናፊ ነው ያልኩት ርካሽ ስለሆነ፣ በሙቀት ስለማይተንና አወጋገዱ ስለሚታወቅ ነው። ከ98 በመቶው ለ1 ሊትር የ1 በመቶ ውኃ የሚበቃችሁ 5.5 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ውኃው ይቅደም፣ አሲዱ በቀስታ ይከተል። ተገላቢጦሹን ያደረገ ሰው ፊቱ ላይ ይፈነጥቅበታል። መነጽርና ጓንት ይኑራችሁ፣ ኖራም አጠገባችሁ ይቀመጥ። ላብራቶሪ የሌላችሁ ከመኪና ዕቃ መሸጫ ያልተነካ አዲስ የባትሪ አሲድ ለሙከራ ሊሆናችሁ ይችላል። እሱ 35 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ለሊትር 23 ሚሊ ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ከአሮጌ ባትሪ የተቀዳውን ግን በጭራሽ አትንኩት፣ እርሳስ አለበት።

ከዚያ ማለዘቡ፣ ማለትም አሲዱን ማብረዱ፣ ይመጣል። በኖራ ነው። 10 ግራም አሲድ 7.5 ግራም የጠፋ (ውኃ የጠጣ) ኖራ ይፈልጋል፣ 17.5 ግራም ጂፕሰም ይወጣል። አብዛኛው ጂፕሰም ስለማይሟሟ ታጠሉታላችሁ፣ ፈሳሹ ይቀራል። ይህን ቁጥር ያዙት፣ ያልቀጠነውን አሲድ የሚጥለው እሱ ነው።

ያልቀጠነው አሲድ በወረቀት ላይ ያምራል። 72 በመቶ ሰልፈሪክ በ30 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት፣ ከዚያ እስከ 4 በመቶ አቅጥኖ 121 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት፤ ሴሉሎሱም ሄሚሴሉሎሱም ከሞላ ጎደል ይፈታል። ላብራቶሪዎች የአንድን ተረፈ ምርት ይዘት የሚለኩት በዚህ ነው፣ ለዚያ ተወዳዳሪ የለውም። ሐሳቡም አዲስ አይደለም፤ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሄንሪ ብራኮኖ በ1819 (እ.ኤ.አ.) ከአሮጌ ጨርቅና ከእንጨት በሰልፈሪክ አሲድ ስኳር አውጥቷል። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቤርግዩስም በኋላ ባልቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ ከእንጨት ስኳር የሚያወጣ ፋብሪካ ድረስ ሄዷል። ታዲያ ለምን አይሆንም? ለ100 ግራም ቆረቆንዳ 100 ግራም አሲድ ብቻ እንኳ ብትጠቀሙ፣ ይህ ለዚህ ዘዴ ትንሽ ነው፣ 75 ግራም ኖራ ትጨምሩና 175 ግራም ጂፕሰም ይወጣል። ከጥሬ ዕቃችሁ የሚበልጥ ቆሻሻ! አሲዱን መልሶ መሰብሰብ የሚችል ፋብሪካ ከሌላችሁ ሒሳቡ አይወጣም።

ሃይድሮክሎሪክ በሥራው አይታማም። ሄሚሴሉሎስን በደንብ ይሰብራል፣ ጂፕሰምም የለውም። ግን ይተናል፣ ጭሱ ጉሮሮ ይይዛል፣ ክሎራይዱ ደግሞ አይዝጌ ብረትን ይቦረቡራል። የትምህርት ቤታችሁን አውቶክሌቭ ለመግደል ፍቱን መንገድ ነው። በሶዳ ስታለዝቡትም ከ10 ግራም አሲድ 16 ግራም የገበታ ጨው ይወጣል፣ ያም ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። እርሾው ይችለው ይሆናል፣ ግን ለምን ትጭኑበታላችሁ?

ፎስፎሪክ አሲድ የዋህ ነው። ዕቃ ብዙ አይበላም፣ በአሞኒያ ካለዘባችሁት የሚቀረው ጨው ለእርሾው ምግብ ይሆነዋል። ዋጋው ግን ከሰልፈሪክ ይወደዳል፣ ጉልበቱም ያንሳል። በጀት ያለው ሰው የማለዘቢያ ቆሻሻ አልፈልግም ካለ አልቃወምም። ኦክሳሊክና ማሌይክ አሲዶች ለስኳሩ የሚራሩ ናቸው፣ በተለይ ማሌይክ ብዙ ስኳር አያጠፋም። እነሱ ግን እዚህ ሱቅ ገብታችሁ የምትገዟቸው አይደሉም። ኮምጣጤ? ደካማ ነው፣ አትድከሙ።

ኢንዛይም በእጃችሁ ካለና የምትፈልጉት ግሉኮስ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከአሲዱ ሁሉ በፊት ኮስቲክ ሶዳን አስቡ። እሱ ጭቃውን፣ ሊግኒኑን፣ ነው የሚያነሳው፣ ሴሉሎሱም አብዛኛው ሄሚሴሉሎስም ለኢንዛይሙ ይቀራል። ፈርፈራልም አያመጣም።

የጅማ ከፍታ የሚያደርገው ነገር

ይህን መመሪያዎቹ አይነግሯችሁም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ውኃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። «አንድ ሰዓት ቀቅሉት» የሚል አሠራር ከሌላ አገር ወስዳችሁ በክፍት ዕቃ ብትሞክሩ 100 ዲግሪ አይደላችሁም።

አውቶክሌቩም እንደዚያው ነው። የቆየው ዓይነት፣ የግፊት መለኪያ ሰዓት ብቻ ያለው ከሆነ፣ «15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ማለት 121 ዲግሪ ነው» የሚለው ሕግ ለባሕር ጠለል የወጣ ነው። ሰዓቱ የሚያሳየው ከውጭ አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፣ የጅማ የውጭ አየር ደግሞ ቀላል ነው። ስለዚህ 15 ላይ ስታቆሙት ውስጡ 118 ዲግሪ ገደማ ነው። 121 ለማግኘት ወደ 18 ፒኤስአይ ይጠጋል፤ መሣሪያው ያንን ይችል እንደሆነ ሳታዩ ግን አትሞክሩ። ካልቻለ ጊዜውን ጨምሩ።

ምን ያህል? ለዚህ ሥራ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። በዚያ ስሌት ከ121 ወደ 118 መውረድ ከሥራው አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ 60 ደቂቃው እንደ 49 ደቂቃ ይቆጠራል። በክፍት ዕቃ 94 ላይ ከሆናችሁ የአንዱን ሰዓት ሥራ ለማግኘት 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ያስፈልጋችኋል። ከሌላ አገር ጽሑፍ ጋር ውጤታችሁ አልገጥም ካለ መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ። እንፋሎቱ አየሩን ገፍቶ ሳያስወጣ ቫልቩን ከዘጋችሁም ሙቀቱ ሰዓቱ ከሚለው በታች ይሆናል።

በነገራችን ላይ የቤት ድስት አትጠቀሙ። አሉሚኒየም በአሲድ ይበላል፣ ሃይድሮጅንም ያወጣል። መስታወት ጠርሙስ፣ ክዳኑ ላላ ብሎ፣ ይበቃል።

ከአሲዱ በኋላ

የተጣራው ፈሳሽ ውስጥ ስኳሩ ብቻውን አይደለም። ፈርፈራል አለ፣ ከግሉኮስ የሚመጣው ዘመዱ ኤችኤምኤፍ አለ፣ ከሄሚሴሉሎሱ የተላቀቀ አሴቲክ አሲድም አለ። ፈርፈራሉ ተናኝ ስለሆነ በማፍላት በከፊል ይወጣል። ሌላው ዘዴ በኖራ ፒኤቹን እስከ 10 መውሰድ፣ ሞቅ አድርጎ ግማሽ ሰዓት ማቆየት፣ ማጥለልና ወደ 5.5 መመለስ ነው። ፒኤቹ ከ10 ካለፈ ግን ስኳሩንም ታጠፋላችሁ። አክቲቭ ከሰልም ይሠራል፣ በተለይ ለቡናው ፌኖል። የምድጃ ከሰል ግን አክቲቭ ከሰል አይደለም።

ሁልጊዜ አንድ ጠርሙስ ለብቻው አስቀምጡ፦ ያው እርሾ፣ ያው ፒኤች፣ ግን ተራ ስኳር በንጹህ ውኃ። ያኛው ፈልቶ የእናንተ ካልፈላ ችግሩ ፈሳሹ ውስጥ ነው። ሁለቱም ካልፈሉ እርሾው ሞቷል። አሲዶችን ስታወዳድሩም አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ቆረቆንዳ በሰልፈሪክ፣ ገለፈት በፎስፎሪክ አድርጎ «ፎስፎሪክ ደካማ ነው» ብሎ የሚደመድም ፕሮጀክት ፈታኝ ፊት አይቆምም።

ለሽያጭ ኢታኖል ላሰባችሁ አንድ ሒሳብ ልጨምር። 100 ኪሎ ቆረቆንዳ ውስጥ 35 ኪሎ ሴሉሎስ ቢኖርና ሁሉም ያለ አንዳች ብክነት ቢቀየር 39 ኪሎ ግሉኮስ፣ ከዚያም 20 ኪሎ ኢታኖል ነው፤ በሊትር 25 ገደማ። ይህ ጣሪያው ነው፣ የምታገኙት ከዚያ በታች ነው። የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ደግሞ ኢታኖል የሚያወጡት ከሞላሰስ ነው፣ ስኳሩ አስቀድሞ የተፈታ። በዋጋ ከእነሱ ጋር አትጋፉ። ዛይሎሱ፣ ወይም በዛይሎስ ላይ የሚያድግ እርሾ፣ የተሻለ የፕሮጀክት ርዕስ ይመስለኛል። የተጣራውንም አረቄ ነው ብሎ የሚቀምስ ጓደኛ ካላችሁ ዕቃውን ቆልፉበት።

ፍሳሹን አዌቱ ወንዝ ውስጥ አትድፉ። አዌቱ ቦዬ ረግረግ ይደርሳል፣ የቡናው ወቅት ልጣጭና እጣቢ ውኃ ያለ አሲድም ይከብዱታል። ፒኤቹ ከ6 እስከ 8 ባለው ውስጥ ሳይገባ ምንም ነገር ከላብራቶሪው አይውጣ። ጂፕሰሙን አድርቃችሁ ለብቻው አስቀምጡ። ከአሲዱ የተረፈው ጠጣር ሴሉሎስና ሊግኒን ነው፤ ኢንዛይም ካላችሁ ቀጣዩ ጥሬ ዕቃችሁ ነውና ሳይደርቅ አቆዩት፣ ከደረቀ ቀዳዳዎቹ ተጣብቀው ኢንዛይሙ አይገባበትም። ኢንዛይም ከሌላችሁ ለማገዶ ይሆናል፣ ግን የሚፈሰው ውኃ ፒኤቹ ከንጹህ ውኃ እስኪስተካከል ድረስ እጠቡት፣ ያለዚያ ምድጃውን ይበላዋል።